ጎርፍ ያልወሰዳት ሳጥን

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ከወንዙ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሟቹ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል። ስልካቸው ውሃ በማያስገባ ከረጢት አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ባዶ የመነጽር ማኅደር አለ።

«ሊሻገሩ ሲሉ ከድልድዩ ወድቀው ነው» አሉ የጥብቅ ደኑ ጠባቂ፣ ወደ ላይ እያመለከቱ። «በዚህ በሳጥን ጨዋታቸው ስንቴ ተጨቃጨቅን!»

«የምን ሳጥን?»

«አንዱ ትንሽ ሳጥን ይደብቅና ቦታዋን በኢንተርኔት ይለቃል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ያገኛታል፤ ውስጧ ባለው ደብተር ቅጽል ስሙንና ቀኑን ጽፎ እዚያው ይመልሳታል። ልጃቸውንም የበላው ይኸው ጨዋታ ነው።»

ልጃቸው ከሁለት ክረምት በፊት እዚሁ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል። ብቻውን ነበር ተባለ። ከድልድዩ ሥር የደበቃትን ሳጥንም ያው ጎርፍ ጠራርጎ ወሰዳት ተባለ።

ጠባቂው ባርኔጣቸውን አውልቀው ያሹት ጀመር። «ትናንት አገኘኋት። ከድልድዩ ወረድ ብሎ፣ ማዶ፣ የሾላው ሥር ተወሽቃ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነገርኳቸው። እኔን ብሎ ነጋሪ!»

«ለሌላ ሰውስ?»

«ለአለቃዬ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።»

መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ተሻገረች። ከሾላው ሥር ወንዙ ላይ ያጎነበሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ የመምህሩ መነጽር እጆቹ እንደተዘረጉ ወድቋል፤ አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል። ሳጥኗ ሥሮቹ መሃል ክዳኗ ተከድኖ ተቀምጣለች። ከፈተቻት። የዛገ ቁልፍ መያዣና ሁለት የልጆች ጠጠር አገኘች። ደብተር የለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ መምህሩ ሴት ልጅ ቤት ሄደች። የዓይኖቿ ቆብ አብጦ ነበር። አጠገቧ እጮኛዋ ተቀምጧል፤ ቀያሽ ነው፤ የሟች ወንድሟ አብሮ አደግ። ሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«አባትሽ መነጽር ሁልጊዜ ያደርጋሉ?»

«ሲያነብ ብቻ ነው። አድርጎት ከተራመደ ያዞረዋል።»

«የሳጥኗን ነገር ነግረውሽ ነበር?»

«ትናንት ደውሎ ‹የወንድምሽ ሳጥን ተገኘች፤ ነገ ጠዋት ሄጄ አያታለሁ› አለኝ። የት እንደሆነች አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የዚያ ወንዝ ስም ሲነሳ ወሬ እቀይራለሁ። ለእጮኛዬ ብቻ አወራሁት።»

ቀያሹ እጇን ያዘ። «እኔም ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ወንዙን አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አብሬው ብሆን ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ጋሼስ ቢሆኑ በዚህ ዕድሜ ሾላው ሥር ምን አስኬዳቸው? ድንጋዩ ያዳልጣል።»

መርማሪዋ ሰማችው፤ ዋጥ አደረገችው። የልጅቷን እጅ በእጁ ውስጥ ስታይ ግን ልቧ ከበዳት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም የጠባቂው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ጠባብ ክፍል ነው፤ ወንዙ በመስኮቱ ይሰማል።

«መምህሩ ከድልድዩ አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «መነጽራቸው የተገኘው ከሾላው ሥር ነው። መነጽር ያደረጉት ሊያነቡ ነው፤ ሳጥኗ ውስጥ ግን የሚነበብ ነገር የለም። ደብተሩን የወሰደ ሰው አለ ማለት ነው።»

«እኔ አይደለሁም!» አሉ ጠባቂው።

«አይደሉም። ደብተሩን ቢፈልጉት ሳጥኗን ሲያገኙ ብቻዎን ነበሩ፤ ማን ይከለክልዎታል? ለመምህሩስ ለምን ይነግራሉ? የመምህሩ ልጅም ቦታውን አታውቅም።» ወደ ቀያሹ ዞረች። «አንተ ግን ሾላውን ጠራህልኝ።»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ማን ሲያወራ? ጠባቂው ከመምህሩ በቀር ለማንም አልነገሩም፤ እኔም ያገኘሁትን ለማንም አላወራሁም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ወንድሜ። መምህሩን ተከትለህ ሄደሃል።» የመምህሩን ስልክ ለልጅቷ አቀበለቻት። «አባትሽ ያገኙትን ደብተር ፎቶ ያነሱ ነበር?»

«አንዱም አያመልጠውም።»

«እስቲ ክፈቺው።»

የሚስጥር ቁጥሩ የወንድሟ የልደት ቀን ነበር። የመጨረሻው ፎቶ ሻጋታ የበላው ገጽ ነው። በእርሳስ የተጻፈው ቀን ወንድሟ የሞተበት ቀን ነው። ከቀኑ ሥር ሁለት ቅጽል ስሞች አሉ፦ «ድኩላ» እና «ውሃ ልክ»።

«ድኩላ ወንድሜ ነው» አለች ቀስ ብላ። ሁለተኛውን አላነበበችውም፤ ዞራ እጮኛዋን አየችው። በሥራ መሣሪያው ስም ‹ውሃ ልክ› ብላ የምታቆላምጠው እሷ ራሷ ነበረች።

ቀያሹ ወንበሩ ላይ ተልፈሰፈሰ። «ጽፈን እንደጨረስን ጎርፉ ድንገት መጣ። እጁን ዘረጋልኝ... ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልናገር? ጋሼንም ልገድላቸው አልነበረም። ደብተሩን ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉኝ፤ ስነጥቃቸው ወደቁ።»

«ያኔ ፈሪ ነበርክ» አለች መርማሪዋ። «ፍርሃት ማንንም አያሳስርም። ትናንት ግን ሽማግሌ ገፍትረህ ጥለህ፣ ሳጥኗን ከድነህ ሄድክ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ፊቱ ቆመች።

«ወንድሜ ጠርቶህ ነበር?»

ቀያሹ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እየሰጠመ ጠርቶህ ነበር ወይ ነው የምልህ!»

«ሁለቴ» አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ይጻፍልኝ። ሁለቴ ጠርቶታል።»

መርማሪዋ ብዕሯን አንስታ ጻፈችው።