ለግምገማው ያልደረሰው መሐንዲስ

መሐንዲስ ፍቅረማርያም ሻርጃ፣ አል ተዓውን፣ በገዛ ቤቱ ባኞ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ባዶ የእንቅልፍ ኪኒን ማሸጊያ ነበር። በዚያው ጠዋት ዱባይ ላይ፣ «ብርሃነ አቶም» የተባለው የአገር ቤት መንግሥት የኑክሌር ድርጅት ለምን እንደተናጋ ለገማጋሚዎች ሊናገር ቀጠሮ ነበረው።

ከበረራ ሥራዋ ተመልሳ ያገኘችው ሚስቱ ሎዛ ሻምበል ቸኮልን አስጠራች። ቸኮል በደጉ ዘመን የሌባን ጥላ ከሌባው ለይቶ የሚያስር መርማሪ ነበር፤ አንበሳ እንኳ በሱ ፊት ቃሉን ይሰጥ ነበር። አሁን ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር ያለ ሆቴል ጥበቃ ነው። ድንጋይ የሚያቀልጠው ነሐሴ አድክሞት፣ ከሊፍት ሲወጣ የሁለት መቶ ዓመት ሽማግሌ መሰለ።

«ራሱን ገደለ እያሉኝ ነው፣ ሻምበል» አለች። «እንዲያ ከተባለ ፍትሐት የለውም። ጥፋቱም ሁሉ በሱ ይላከካል።»

ባሏ የድርጅቱ የኑክሌር ማመንጫ የማቀዝቀዣ ቫልቮች አሮጌ መሆናቸውንና ማን እንዳስገጠማቸው ሊያጋልጥ እንደነበር ነገረችው። እሷ ስትደርስ ሰማያዊ ምልክት ያለው የባኞው ቧንቧ ገና ይፈስ ነበር።

አሥር ዓመት እዚህ የኖረው የድርጅቱ የዱባይ ቅርንጫፍ ኃላፊ ዘካርያስ ሟቹን ይፈራው እንደነበር አልካደም። ለግምገማው በዚያ ሳምንት ከአገር ቤት የመጣው ምክትል ዳይሬክተር ኢዮስያስ ግን ከሆቴሉና ከአዳራሹ በቀር የማንንም ደጅ አልረገጥኩም አለ።

ቸኮል ሁሉንም ከፖሊሱ ከቃሲም ጋር እዚያው ቤት ሰበሰበ።

«አቶ ኢዮስያስ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው። ይህን ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ያርጥቡልኝ።»

ኢዮስያስ ሳያመነታ ቀዩን ቧንቧ ከፈተ።

«ቀዩ የሙቅ አይደለም እንዴ?»

«በዚህ ሙቀት ሰማያዊው ያቃጥላል።»

«እውነት ነው። ጣራ ላይ ያለውን ሮቶ ፀሐይ ያፈላዋል። እኛ ነዋሪዎቹ ቤት ውስጥ ያለውን ማሞቂያ አጥፍተን፣ እዚያ ጥላ ውስጥ የቀዘቀዘውን ከቀዩ እንቀዳለን። ባኞውን ከሰማያዊው የሞላው እንግዳ ነው። የእርስዎ ሆቴል ውሃውን በማሽን ያቀዘቅዛል፤ ታዲያ የማን ቤት ተቃጠሉ?»

«ሰው ነግሮኝ ነው።»

«ማን?»

ኢዮስያስ እጁን ወደ ኋላው ሸሸገ። ቃሲም ይዞ እጅጌውን ሰበሰበለት፤ የእጁ አንጓ በቃጠሎ ተልጧል።

«ቫልቮቹን ያስገጠሙት እርስዎ ነዎት» አለ ቸኮል በደከመ ድምፅ። «አደነዘዙት፤ ባኞ ውስጥ አስገቡት፤ ውሃው ሲፈጅዎ ቧንቧውን ሳይዘጉ ሸሹ።»

«ፍትሐት ይደረግለታል?» አለች ሎዛ።

«ለቄሱ እኔ እነግራለሁ፣ ልጄ።»

ፎጣውን ግንባሩ ላይ ጣል አድርጎ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። ሎዛ ግን ጥቁር ሻሿን አሠረች። ገማጋሚዎቹ ዱባይ ላይ ገና አልተበተኑም፤ ባሏ ሊናገር የነበረውን ቃል በሱ ፈንታ ልትሰጥ ወጣች።