የብረቱን ባትሪ ማን ገደለው?

ሰውዬው አሁንም ከኋላው ነው።

ዲሪር አልዞረም። የደጫቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ አቋርጦ መጋላ ሰፈር ገባ። ድሬ በርጫዋን፣ የጫት ወጓን፣ የምትይዝበት ቀትር ነው፤ ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ። በዚህ ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚዞር ወይ እብድ ነው ወይ ሰላይ። በጉያው አንዲት ጠርሙስ ሸጉጧል።

መታጠፊያው ላይ አንድ ግቢ ገባ። ከበሩ ጀርባ ተለጠፈ።

ኮቴው ቀረበ።

አለፈ።

በጓሮ ወጥቶ የአንድ ጨርቅ ሱቅ በር በጥፍሩ ጫረ።

«ሻሽ አለ?»

«ነጩ አልቋል።»

«ጥቁርም ይሆነኛል።»

በሩ ተከፈተ። ባለሱቁ አባ ተማም ናቸው፤ በምስጢር ስማቸው «ሚዛን»፣ የዲሪር አለቃ። ከብረቱ ባትሪ የተቀዳውን ጠርሙስ ተቀብለው ሶዳ ላይ ጠብ አደረጉት። ሶዳው ፈላ።

«አሲድ!» አሉ። «የብረት ባትሪ መርዝ! ማን ነው የጨመረው፣ ጨው?»

ጨው ዲሪር ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር። የሁርሶ ጦር በየቆላው ኬላ ለሚተክለው ሬዲዮ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ነገር ሊገዛ ነው፤ ከዚራ ሰፈር ባለው መጋዘን ሁለት ዓይነት ባትሪ ጎን ለጎን ይፈተናል። የእርሳሱ በአሲድ ይሠራል፤ ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ግን የቆላው ሙቀት በሁለት ዓመት ይጨርሰዋል፤ ከዚያ እንደገና ግዛ፣ እንደገና በግመል ጫን። የብረቱ ሦስት እጥፍ ያስከፍላል፤ ግን ሃያ ዓመት ይሠራል፤ ለዕድሜው ሲካፈል ርካሹ እሱ ነው። አንድ መሐንዲስማ ውሃ ጋራ ላይ ሽቅብ ገፍቶ ማጠራቀምና ሲወርድ በኃይሉ መብራት ማውጣት ይሻላል ብሎ ነበር። የድሬ ሰው ሳቀበት፤ ደጫቱ ራሱ ውሃ የሚያየው ስንቴ ነው!

አሁን ግን ብረቱ በፈተናው ላይ እየሞተ ነው። የእርሳሱ አቅራቢ መጋዘኑ ውስጥ ሰው ገዝቷል። ተንኮሉ ከሠራ፣ ኬላ የተከበበ ዕለት ሬዲዮው ድዳ ይሆናል፤ ወታደሩ ደራሽ የለውም።

«ቡራሌ ነው፣ የእርሳሱ ጠባቂ» አለ ዲሪር።

«ማስረጃ?»

«በአሲድ የተበሳሳ የሥራ ልብስ ያለው ማን ሆነና?»

«የእርሳሱን ወገን የሚይዝ ሰው ልብሱ ሌላ ምን ይሆናል? ልጄ፣ ይሄ የሥራ ወሬ ነው ወይስ የቅናት?»

ዲሪር ጠርሙሱን ከደነ።

«የፈተናው ዳኞች» አሉ አባ ተማም፣ «ቅዳሜ ይገባሉ። ነገ በርጫ ላይ አረጋግጥ። የምትሰጠኝን ስም አስይዛለሁ።»

ቅናት ነው፤ ምን ይደበቃል! መጋዘኑ ውስጥ እሱ በተሸካሚነት፣ ፋርሒያ በባትሪ ጠባቂነት የተሰገሰጉ የአንድ አለቃ ሰላዮች ናቸው። የእሷ ስም «ሽቶ» ነው። አምና በርጫ ላይ የጫቱን ለጋ ቀንበጥ እየመረጠች የምታቀብለው እሱን ነበር። ሴት ቀንበጥ መርጣ የሰጠችው ወንድ ምኗ እንደሆነ ድሬ ላይ ማንም አያጣውም። «ቡራሌን ቅረቢና ሰልዪው» ከተባለች ወዲህ ቀንበጡ ለቡራሌ ሆነ። ትእዛዝ ነው፤ እሺ። ግን ትእዛዝ እንዲያ ያስቃል?

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቡራሌ ቤት ተቀመጡ። ሁሉም የታጠበ ልብስ ለብሷል። ቡራሌ በነጭ ሸሚዙ አምሮበታል፤ ያ ደግሞ ዲሪርን ይብስ አቃጠለው።

ፋርሒያ ቀንበጥ መረጠች። ክንዷን ወደ ቡራሌ ዘረጋች። ዲሪር ላለማየት ዓይኑን ወደ እጅጌዋ አወረደ።

እጅጌው ወንፊት ሆኗል።

አሲድ የነካው ጥጥ እስኪታጠብ ደህና ይመስላል። ውሃ ሲያገኘው ነው ብትንትኑ የሚወጣው። ፋርሒያ ልብሷን ለጁምዓ አጥባ ነበር።

ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ ተከተላት።

«እጅጌሽ ተበሳስቷል።»

«ሚስማር ነው፣ አቦ።»

«አሲድ የነካ እጅ ብረቱ ጋ አይደርስም፤ የመጋዘኑ ደንብ ነው። አንቺ የያዝሽው የብረቱን ወገን ነው። አሲዱ ከየት መጣ?»

እጅጌዋን ወደ ላይ ጠቀለለች።

«ትናንት ያስከተልሽብኝስ አንቺ ነሽ?»

አልካደችም። ጠጋ አለችው። የሽቶዋ ጠረን አወደው።

«ቡራሌ በል» አለች በሹክሹክታ። «ወላሂ፣ የሥራ ልብሱን ያየ ሁሉ ያምንሃል። አንተስ ይሄን አልነበር የምትመኘው? የእርሳሱ ነጋዴ ጅቡቲ ቤት ሰጥቶኛል። አብረን እንሂድ። እኔ ድሮም የምወደው አንተን ነው።»

መዳፉን ከፍታ ቀንበጥ አኖረችበት። ለጋ፣ ቀላ ያለ፣ የአምናው ዓይነት።

አንዲት ስም ብቻ ነው። ቡራሌ እስር ቤት፣ ፋርሒያ ከዲሪር ጋር ጅቡቲ።

«ዲሪር!» ቡራሌ ከውስጥ ተጣራ። «ወንድሜ፣ ምን ሆናችሁ? ለናንተ ደህና ደህናውን ለይቼ አስቀምጫለሁ፣ ኑ እንጂ!»

ዲሪር ያን ድምፅ ስንት ሌሊት ረግሞታል። አሁን አፈረበት።

ቀንበጡን ጉንጩ ውስጥ አደረገና ወጣ። አባ ተማም በር ላይ ሲደርስ አፉ መሮት ነበር።

«ስም?» አሉ።

«ሽቶ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አሲድ ያልደረሰባቸው አዳዲስ የብረት ባትሪዎች ለፈተናው ቀረቡ። አለፉም። ከወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ ግመሎች ተጭነው ከሁርሶ ወጡ፤ የሩቁም ኬላ ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። ዲሪር የሚባል ተሸካሚን ግን ያየው የለም።

በከተማዋ ሚዛን አዲስ ሥራ የሰጠው አንድ ጺማም ጋሪ ነጂ ተጨምሯል። አንድ ቀትር ሴት ተሳፋሪ ይዞ በእስር ቤቱ በኩል ሲያልፍ ልጓሙን ሳበ። በሩ ላይ ቡራሌ ቆሟል። በአንድ እጁ ምሳ፣ በሌላው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት። ዘበኛው የማንን ምሳ እንዳመጣ ጠየቀው።

«የፋርሒያን» አለ ቡራሌ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ማንንም ሳይፈራ።

ጋሪ ነጂውን ቅናት አንገበገበው። እሱ ስሟን እንዲያ ጮክ ብሎ ሊጠራ አይችልም፤ እሷም የምትጠራበት ስም የለውም።

«ምን ሆነህ ቆምክ?» አለች ተሳፋሪዋ።

«ፈረሱ ደክሞት ነው፣ እናቴ» አለና ነዳ።