የሄዱት ሰሌዳ

ስሚኝማ፣ ሚስጥር ስለማታወጪ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ያኤልን ታውቂያት የለ፣ ናይሮቢ፣ የኢምባካሲ ሰፈሯን፣ ካሜራ ከአንገቷ የማይወርደውን? ያን ቅዳሜ ረፋድ የማማ ሙቴቲ ፎቅ ጣሪያ ላይ፣ በውኃ ታንከሩና በገመድ በተሰጡት አንሶላዎች መሀል በሆዷ ተኝታ ነበር። ትንፋሿን ይዛለች። ከአየር ማረፊያው አጥር ማዶ ሰማያዊው አውሮፕላን ቀስ ብሎ ዞረና አፍንጫውን አቀና። ከነዚያ ትንንሽ መስኮቶች ባንዱ በኩል ኪያ አለች። የልብ ጓደኛዋ።

ይህን ቦታ ለማግኘት ያየችውን ፍዳ አትጠይቂኝ። መጀመሪያ የሞከረችው አጥሩ ሥር ነው። እዚያ አውሮፕላኑ በራስሽ ላይ ነው የሚያልፈው፣ የጎማው ጭረት ሁሉ ይታይሻል። ግን ሽቦው ፎቶውን ይከታትፈዋል፣ ደግሞ አስካሪ የሚሏቸው ዘበኞች አሉ። አንዱ ዘበኛ ይዞ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀመጣት። «ለማን ነው የምታነሺው?» ሲላት «ለቤተክርስቲያን» አለችው። ይበልጥ ተጠራጠራት። አባቷ ጋሽ ቶሎሳ የስደተኛ ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው መጥተው፣ ለምነው አስወጧት። ያን ቀን «ጉዳያችን እስኪያልቅ ድረስ አጥር የሚባል ነገር አጠገብ እንዳትደርሺ» አሏት፣ አለቀ።

ከዚያ መጋዘኖቹ ጀርባ ሞከረች። ፀሐዩ ፊት ለፊት ስለሚመጣ አውሮፕላኑ ከሰል ይመስላል። ነዳጅ ማደያው ጋ ደግሞ የመብራት ምሰሶ ክንፉን ይቆርጠዋል። የማማ ሙቴቲ ጣሪያ የተገኘው መጨረሻ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ነው፣ አጥሩን አሻግሮ መንደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳያል፣ ዘበኛም አይደርስበትም። ማማ ሙቴቲ ቁልፉን የምትሰጣት ግን በነፃ እንዳይመስልሽ፤ የተሰጣው ልብስ እንዳይሰረቅ መጠበቅ አለባት። በአጭሩ የአንሶላ ዘበኛ ሆናለች።

ይሄ ሁሉ ለምን መሰለሽ? ወረቀታቸው አልቆ ሌላ አገር የሚሄዱ ሰዎችን እስከ መጨረሻው መሸኘት አይቻልም። አውቶቡስ ይወስዳቸዋል፣ በሩ ይዘጋል፣ በቃ። ስለዚህ የስደተኞቹ የጸሎት ኅብረት ሰዎች አንድ ልማድ አወጡ። ያኤል አውሮፕላኑ ሲነሳ ፎቶ ታነሳለች፣ እሁድ ጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩ የተጓዦቹ ስም ይጻፋል። «የሄዱት ሰሌዳ» ነው የሚባለው። ሠላሳ አንድ ፎቶ ነበረው።

ሌላም ልማድ አለ። የሚሄድ ሰው ዕቃውን አይሸጥም፣ ላልሄዱት ያከፋፍላል። ካሜራውንም ሚዛን የሚባል ልጅ ሲሄድ ነው የተወላት። የነኪያ የጋዝ ምድጃ ከኅብረቱ ሴቶች ለእትዬ ውዴ ደረሰ፤ የኪያ ፍራሽ ለያኤል። ያኤል ራሷ ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቃ ተቀባይ ናት። ድስቱ የሄደ ሰው ነው፣ ብርድ ልብሱ የሄደ ሰው ነው። የነሱ ጉዳይ በተጠየቀ ቁጥር «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። ሂደት ሲባል ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ይመስላል አይደል? አይንቀሳቀስም።

አውሮፕላኑ ተንደረደረ። ያኤል ተጫነችው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጎማው መሬቱን ሲለቅ ያለችው ፎቶ ከሁሉም በለጠች። ከዚያ ካሜራውን አስቀምጣ አንሶላ ውስጥ አለቀሰች። የማማ ሙቴቲ አንሶላ እንደገና ታጠበ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልኳ አንዴ ጮሆ ተቋረጠ። የስልክ ክሬዲት የሌለው ሰው መልሱልኝ ብሎ ፍላሽ ሲያደርግ እንደሚያደርገው። የኪያ የድሮ ቁጥር ነው። ያኤል መልሳ ደወለች።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለች ኪያ።

«ኪያ? ሲሙ እዚያም ይሠራል እንዴ? ደረሳችሁ?»

«ፓርክላንድስ ነኝ።»

«እዚያም ፓርክላንድስ አለ?»

«የኛው፣ የናይሮቢው ፓርክላንድስ፣ አንቺ ደደብ።»

ያኤል መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ኪያ በሹክሹክታ ነገረቻት። ትንሹ ወንድሟ ኤልናታን ያን ቀን ጠዋት አተኮሰው። ከመሳፈራቸው በፊት ያየው ሐኪም በዚህ ትኩሳት አይበርም አለ። ከዚያ ሳሉን ሰማና ኤክስሬዩ እንደገና ይነሳ አለ። አዲስ ኤክስሬይ ማለት አዲስ ቀጠሮ ነው፣ ስድስት ወርም ሊሆን ይችላል። አባቷ ጋሽ አገኘሁ ወደ ኢምባካሲ አልመለስም አሉ። አንድ የድሮ አሠሪያቸውን ለምነው ግቢው ጀርባ ያለች የሠራተኛ ክፍል ገቡ። መጋረጃው ተዘግቷል። ከቅዳሜ ጀምሮ ኪያ ደጅ አልወጣችም።

«ምን ላይ ነው የምትተኙት?»

«ልብስ ዘርግተን። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ግን የምንሄድበትም ብርድ ነው ይላሉ፣ ልምምድ ነው።»

ያኤል መሳቅ አቃታት።

«ስሚ፣ ማንም እንዳይሰማ» አለች ኪያ። «ፎቶውን ከሰሌዳው እንዳታወርጂ። አባዬ በሰው ሁሉ ፊት ተመርቆ፣ አልቅሶ፣ ምድጃውን በእጁ ሰጥቶ፣ አሁን ተመልሶ ምድጃዬን ሊል ነው? ከዚህ ሞት ይሻለኛል ይላል። ማይልኝ።»

«እሺ።»

«ማይልኝ አልኩሽ።»

«እግዚአብሔርን።»

እዚህ ላይ ነው በመሐላ የታሰረችው። ረቡዕ ማታ ጸሎት ላይ እትዬ ውዴ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ኪያዬ ደወለች?»

«ደውላለች።»

«ምን አለች?»

«ብርድ ነው አለች።»

ውሸት አልነበረም፣ አየሽ። እትዬ ውዴ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ምድጃቸውን በለኮስኩ ቁጥር እመርቃቸዋለሁ። ባቄላ እንኳ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም።»

«ሌላስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሁሉም ዞረው ያኤልን አዩዋት። ከፊቷ ሠላሳ ሁለተኛው ፎቶ ተሰቅሏል፤ የጋሽ አገኘሁ፣ የሚስታቸው፣ የኪያና የኤልናታን ስም ከሥሩ በቀይ ተጽፏል።

«በረዶ አለ» አለች ያኤል። «ኤልናታን በበረዶ ተጫወተ።»

«ይሁንለት፣ የኔ ጌታ» አሉ እትዬ ውዴ።

ጋሽ ቶሎሳ ግን ቤት ሲደርሱ ጫማቸውን እያወለቁ ቀስ ብለው ጠየቋት። «በሐምሌ በረዶ?»

«እንደዛ ነው ያለችው።»

«እዚያ አገር አሁን በጋ ነው መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። የሐምሌን የናይሮቢ ብርድ ታውቂዋለሽ። ፍራሹ የኪያን የፀጉር ቅባት ይሸታል፤ መሀሉ ላይ ኪያ ስትተኛ የሠራችው ጎድጓዳ አለ፣ ያኤል ልክ እሱ ውስጥ ትገባለች። ወደ ግድግዳው ብትጠጋም ተመልሳ ትንሸራተታለች። ሐሙስ መሬት ላይ ተኛች። አርብም። ጋሽ ቶሎሳ አይተዋታል። እናቷ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ልጅ ስለምትይዝ የምትመጣው እሁድ ብቻ ነው፤ የምታወራው ሰው አልነበራትም። ለኪያ ብትናገር «ምለሻል» ትላታለች፣ ለአባቷ ብትናገር መሐላዋ ይፈርሳል፣ ዝም ብትል ደግሞ እሁድ ሰው ሁሉ ስለ በረዶው ሊጠይቃት ነው። የትም እንዳትሄጂ ያሏት ይመስል ነበር፣ በየአቅጣጫው አጥር።

ቅዳሜ ጣሪያው ላይ ወጣች። ከማማ ሙቴቲ ጋር ሰላም ተባብለው ቁልፉን ተቀበለች። በሰዓቱ ሰማያዊው አውሮፕላን መጣ፣ ዞረ፣ አፍንጫውን አቀና። ፀሐዩ ልክ ነበር፣ ሰማዩም ጠርቷል፤ እንደዚያ ያለ ብርሃን በወር አንዴ ነው የሚገኘው። ያኤል በካሜራው መስኮቶቹን ስታይ እነማን እንዳሉበት ከዚህ ጣሪያ ሆኖ ማወቅ እንደማይቻል ገባት። ሠላሳ ሁለት ጊዜ አንስታ አንድ ፊት አላየችም። ሰው የነገራትን ስም ነው ስትጽፍ የኖረችው።

አውሮፕላኑ ሄደ። ሳትጫነው ቀረች።

«ዛሬ አላነሳሽም?» አለቻት ማማ ሙቴቲ፣ ያኤል ቁልፉን ልትመልስ ስትወርድ።

«ዛሬ የሚሄድ የምናውቀው ሰው የለም» አለች ያኤል። ከረቡዕ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ እውነት ነበር።

ቤት ገብታ ፍራሹን ጠቀለለች። በገመድ አሰረችው፤ ተፈታ፤ እንደገና በጉልበቷ ተጭና አሰረችው። ስፖንጅ ሲጠቀለል እንዴት እንደሚታገል ታውቂያለሽ። ትከሻዋ ላይ አድርጋ በሩ ጋ ስትደርስ ጋሽ ቶሎሳ ገቡ።

«ወዴት ነው?»

ጣሪያ ላይ ላሰጣው ነው ማለት ትችል ነበር። ጣሪያው ሁልጊዜ ምክንያት ነው። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ለባለቤቷ ልመልሰው ነው አባዬ።»

ጋሽ ቶሎሳ ፍራሹን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ገመዱን ነኩት።

«ይሄ ቋጠሮ ማታቱ ታክሲ ላይ ይፈታብሻል» አሉና ፈትተው ደግመው አሰሩት። «ያስቀራቸው ኤልናታን ነው አይደል? እኔ ስሸኛቸው ይስል ነበር።» «ሩቅ ነው?»

«ፓርክላንድስ።»

«ሁለት ማታቱ ነው። ብቻሽን አይቻልሽም። ጫማዬን አላወልቅም እንግዲህ።»

ያኤል ደጅ ወጥታ ስልኳን አወጣች። ፍራሹ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንደ ሰው ይጠብቃታል። ኪያ አነሳች።

«ፍራሽሽን ይዤ እየመጣሁ ነው» አለቻት ያኤል በአንድ ትንፋሽ። «አባዬም አብሮኝ ነው። እንዳትጮሂብኝ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ግን ያላንቺ ፈቃድ አልነካውም። አንቺ ነሽ የምትወስኚው። ለእትዬ ውዴ ግን ከዚህ በኋላ ስለ በረዶ አላወራም፣ ይኸው ነገርኩሽ።»

ያኤል ከስልኩ ውስጥ የኤልናታንን ሳል ሰማች፣ ከዚያ የመጋረጃ ቀለበት ሲንሸራተት። ክሬዲቷ እያለቀ ነው። ተቆጣች አለች በልቧ፣ ዘጋችው አለች፣ ጓደኝነታችን እዚህ ላይ አበቃ አለች። ኪያ ግን አልዘጋችም። የመለሰችላትን አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

«መጀመሪያ ጸሎት ቤት ግቢና ፎቶውን ነቅለሽ አምጪልኝ። የሄድኩበትን አውሮፕላን እስካሁን አላየሁትም።»