ፈዛዛ ወይስ ደማቅ

ያ ሕንፃ ዛሬ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ያኔ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በኮሪደሩ ጫፍ፣ መስኮቷ ወደ ግቢው ዛፎች የሚያይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ክፍሏ ሁልጊዜ የቀለጠ ሰም ትሸት ነበር። እዚያ የሠሩ ሰዎች ዛሬም የሆነ ቦታ ሻማ ሲጠፋና ሽታው ሲመጣባቸው ድንገት ዞር ይላሉ፤ የጠራቸው ያለ ይመስላቸዋል።

በዚያች ክፍል የምትሠራው ልጅ ስሷ ትባል ነበር። ስሙን የሰጧት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ከላቦራቶሪ አይጦች የተወሰደ ጉበት በሉት፣ ልብ በሉት፣ ኩላሊት፣ በሰም ውስጥ ደርቆ ይመጣላታል፤ እሷ ደግሞ በማሽን ምላጭ ትቆርጠዋለች። እንዴት ያለ መቁረጥ መሰላችሁ! የሽንኩርት ልጣጭ አጠገቡ ቢቀመጥ ብርድ ልብስ ይመስላል። ስትቆርጥ መስኮቱን ትዘጋለች፣ ትንፋሿንም ትይዛለች።

አንድ ቀን ጠዋት የጉበት ቁራጭ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ይዛ፣ ለብ ወዳለው ውኃ ልትወስደው ቀስ እያለች ሳለ በሩ ተከፈተ። የገባው ረጅም ልጅ ሰላም ሊል አፉን ከፈተ። የሰሙ ሽታ ግን አፍንጫው ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ኖሮ ሰላምታው ማስነጠስ ሆነ። ቁራጩ ተነሥቶ በረረ።

«ጉበቴን መልስ!» አለች ሳታስበው።

«ምን?»

«እጅጌህ ላይ ነው። አትንቀሳቀስ። አትተንፍስ!»

«እስከ መቼ?»

«ተንፍስ እስክልህ።»

ቆመ። እሷ ብሩሿን ይዛ እጅጌው ላይ ጎንበስ ብላ ስትለቅም እሱ ጉንጩ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቁራጩ ግን ለሁለት ተቀዶ ወጣ።

«አለቀለት» አለች በሐዘን።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። አይጧ ግን ከእኔ በፊት የሞተች መሰለኝ።»

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም። እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው እንደዚህ ነው።

ልጁን በቁመቱ ሎጋው አሉት። የመጣው ከእሷ ጋር ስላይድ፣ ማለትም ቁራጮቹ የሚለጠፉበትን መስታወት፣ እንዲመለከት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት በምንተነፍሰው አየር ከምግብ ጉልበት ሲያወጣ፣ እግረ መንገዱን ብረትን እንደሚበላው ዝገት ያለ ጉዳት ይገጥመዋል። ጉዳቱን እየተቀባበሉ የሚያበርዱ ፕሮቲኖች አሉ፤ የተማሩት ሬዶክስ ፕሮቲኖች ይሏቸዋል። ቡድኑ ማወቅ የፈለገው እነዚህ ፕሮቲኖች በአይጧ ገላ ውስጥ የት የት እንደሚኖሩ ነበር። ፕሮቲኑ ባለበት ሁሉ ቡናማ ቀለም እንዲወጣ ያደርጋሉ። በብዛት ካለ ደማቅ ይሆናል፣ ጥቂት ከሆነ ፈዛዛ፣ ከሌለ ባዶ። ከዚያ ካርታ ይሠራል። የአንዲት ትንሽ ፍጥረት ገላ፣ እንደ አገር ቀበሌ በቀበሌ ተከፋፍሎ።

የቡድኑ አለቃ ሽበታም ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል።

«የአንድ ሰው ዓይን ይሳሳታል» አሉ ሁለቱን አስቀምጠው። «ስለዚህ ሁለት ሰው ያያል፣ ለየብቻ። አንዱ ያየውን ሌላው ሳይሰማ ጽፎ ለእኔ ይሰጣል። በመካከላችሁ የስላይድ ወሬ አልሰማም። ገባችሁ?»

«ገባን ጋሼ።»

መጀመሪያ ግን ፈዛዛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መግባባት ነበረባቸው። ለዚህ ባለ ሁለት መመልከቻ ማይክሮስኮፕ ተሰጣቸው። ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ያያሉ። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አይቀረውም፤ ግን አይተያዩም። የሚሰማቸው የየራሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ይሄ ፈዛዛ ነው» ትላለች።

«ምን ፈዛዛ አለ! ደማቅ ነው እንጂ። ዓይንሽን ታጠቢ።»

«አንተ መነጽር ግዛ።»

«አያቴ ያለ መነጽር ዘጠና ዓመት ኖረዋል።»

«እሳቸው መች ስላይድ አዩ?»

አንዳንዴ ሁለቱም እኩል ቀና ይላሉ። ያኔ ክርክሩ ይቆማል፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ። እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እሷ ንጹሕ የሆነውን መስታወት እንደገና ትወለውላለች።

ከዚያ ለየብቻ ማየት ጀመሩ። ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እሷ። ቁመታቸው ስለማይገናኝ ወንበሩን በየቀኑ እያጉረመረመች ዝቅ ታደርገው ነበር። አንድ ቀን ከምሳ ስትመለስ ወንበሩ በልኳ ዝቅ ብሎ ጠበቃት። በማግስቱም እንደዚያው። ስለዚህ ነገር አንዳቸውም አንድ ቃል አልተነፈሱም። እሷ ግን ያን ሰሞን ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊት ትንሽ ትቆም ነበር።

ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ አብረው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሄዳሉ። ስለ ስላይድ አይወራም፤ ቃል ቃል ነው። ስለ ሌላው ግን ያልተወራ አልነበረም፤ ስለ እናቱ ሹራብ ሥራ፣ ስለ አባቷ ኩርፊያ፣ ስለ ልጅነት ጥርስ። እየተጫወቱ አውቶቡሱ ያልፋቸዋል። «ቀጣዩን እንይዛለን» ይላሉ። ቀጣዩም ያልፋል።

አንድ ቀን ደረጃውን ሲወርዱ እሱ መሃል ላይ ቆመ።

«ካርታው ሲያልቅ...» አለ።

«እሺ» አለች።

«አልጨረስኩም እኮ።»

«ገብቶኛል። እሺ።»

ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። በዚያን ጊዜ ከእነሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው በከተማው አልነበረም ማለት ይቻላል።

እንዲህ እንዳለ አንድ ጠዋት ጋሼ ሁለቱንም ቢሯቸው አስጠሩ። አላስቀመጧቸውም።

«እናንተ ልጆች፣ ትነጋገራላችሁ?»

«ስለ ስላይዱ? በፍጹም ጋሼ!» አለ ሎጋው።

«መጀመሪያ ላይ ብዙ ቦታ ትለያዩ ነበር፤ ጤነኛ መለያየት። አሁን ይኸው፣ አንጎሉ ላይ አንድ፣ ልቡ ላይ አንድ፣ ኩላሊቱ ላይ አንድ። ሰው እንዲህ አንድ ዓይነት አያይም። እኔ የፈለግሁት ሁለት ሰው ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይደለም።»

«ከፈለጉ ያስምሉኝ! አንድ ቃል አልተለዋወጥንም» አለ ሎጋው፣ ፊቱ እየቀላ።

እውነቱን ነበር። ስሷ ግን አብራው አልማለችም። ጋሼ ሲናገሩ አንድ ነገር ወግቷት ነበር።

ከሰዓት ብቻዋን ገባች። የኩላሊቱን ስላይድ አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችና እንደ እንግዳ አየችው። እነዚያ ትንንሽ ቱቦዎች ፈዛዛ ነበሩ፣ በጣም ፈዛዛ። እሷ ግን «ደማቅ» ብላ ነበር የጻፈችው። ለምን? እሱ ደማቅ እንደሚል ስላወቀች ነው። ማንም ሳይነግራት፣ ልቧ ብቻ ነግሯት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ዓይኗ መስታወቱ ላይ እያለ «እሱ ምን ይል ይሆን?» ስትል ሰንብታለች። ከሰው ጋር መስማማት እንዲህ ይጣፍጣል ለካ! ሰውየው ዓይንሽን ሲወስድብሽ እንኳ አይሰማሽም።

ሳታመነታ ተነሥታ ወደ ጋሼ ሄደች።

«አልተነጋገርንም» አለቻቸው። «የእኔ ዓይን ግን የእኔ መሆኑ ቀርቷል። እሱ የሚያየውን ነው የምጽፈው። ከተመልካችነት ያውጡኝ። ኩላሊቱንም ልቡንም አንጎሉንም ሌላ ሰው ይየው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዝም ብትዪ እኮ እኔም ተቆጥቼ ብቻ ነገሩን እተወው ነበር።»

«ካርታው የሰው እጅ ይገባል ጋሼ። ነገ የኩላሊት በሽታ የሚያጠና ሰው አምኖት መንገድ ይጀምራል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «በይ ወደ ሰምሽ ተመለሺ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ሎጋው ወሬውን የሰማው ከጋሼ ነው። ደረጃው ላይ ጠበቃት።

«ለምን ለእኔ ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታባብለኝ ነበር። እኔም እባበል ነበር።»

«እሺ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ።» እጁ የደረጃውን ብረት ጨብጧል። «ያን ቀን ሳልጨርስ ነው እሺ ያልሽኝ።»

«አዎ።»

«አይተሽኝ ነው? ወይስ እኔ መስማት የምፈልገውን ስላወቅሽ ነው?»

«አይቼህ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ያ ቃል ራሱ እሱ መስማት የሚፈልገው ቃል ነበር። አፏን መልሳ ዘጋችው። እሱ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ደረጃውን ወረደ። የዚያን ቀን አውቶቡሱ አላለፋቸውም፤ እሱ በመጀመሪያው ሄደ።

ወራት አለፉ። በእሷ ቦታ አንዲት መነጽራም ሴት ተቀጠረች፣ ከማንም ጋር የማታወራ። ስሷ ሰሟን ትቆርጣለች። ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አይታ ትጀምራለች።

«ልጄ፣ ያን የመሰለ ልጅ በአይጥ ኩላሊት ለወጥሽው?»

«አልለወጥኩትም እማዬ።»

«ታዲያ የት አለ? ቦርሳሽ ውስጥ ነው?»

«እማዬ፣ አንቺ አባዬን ስትቀበዪው አይተሽው ነበር?»

እናቷ የምታጥፈውን አንሶላ አስቀመጠች። «ምን አይቼው! ጫማው ያብለጨልጭ ነበር፤ ጫማውን አየሁ። እሱን ማየት የጀመርኩት ያኮረፈኝ ቀን ነው።»

«አይተሽውስ?»

«አይቼው ይኸው አለሁ። አንቺም ከመቃጠል ሄደሽ እዪው።»

ሄዳ ባታናግረውም ማየት ጀመረች፣ ከመስኮቷ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ምን ያስባል ሳትል፣ ያለውን ብቻ። አኩርፎ የግቢውን ዘበኛ ሰላም ሳይል ሲያልፍ አየችው። በማግስቱ ተመልሶ ሲያቅፈው ደግሞ አየች። የተበላሸ የግቢ ቧንቧ ካልጠገንኩ ብሎ ከነሸሚዙ ሲርስ፣ ቧንቧውም ጨርሶ ሲሰበር አየች። ብቻውን ሲሆን እንዴት ትከሻው እንደሚወርድ አየች። አንዳንዱ ነገር አናደዳት። አንዳንዱ ደግሞ ምላጩን አስቁሞ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደገፋት።

አንድ ቀን በቡድኑ ስብሰባ ላይ ጋሼ የኩላሊቱን ነገር አነሱ። አዲሷ ሴት ቱቦዎቹን ፈዛዛ ብላለች፤ ሦስተኛ ሰውም አይቶ ፈዛዛ ብሏል። ሎጋው ከመቀመጫው ተነሣ።

«ስሕተቱ የእኔ ነው» አለ። «እሷ ያን ጊዜ ዝም ብትል ኖሮ እንደዚያው ታትሞ ይቀር ነበር።» ተቀመጠ። ወደ እሷ ግን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ስብሰባው ሲያልቅ ተከትላው ወጣች። ከሕንፃው ጀርባ፣ የባዶ ሣጥኖች ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እናቱ የሠሩለትን ሹራብ ለብሷል፤ ብርቱካንማ ሆኖ ደረቱ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ያለበት።

«ኩላሊቱ ላይ ልክ ነበርሽ» አለ።

«ስለ ኩላሊት አልመጣሁም። ጥያቄህን ልመልስ ነው የመጣሁት። ስትጠይቀኝ አላየሁህም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሳይህ ከረምኩ፣ ለብቻዬ።»

«እና?»

«ግትር ነህ። የማታውቀውን ቧንቧ ትነካለህ። ስታኮርፍ ንዴትህን ዘበኛው ላይ ትወጣለህ፤ ምን አደረገህ ሰውየው?»

«ሌላስ?»

«ይሄ ሹራብ።»

«ምን ሆነ ሹራቡ? እናቴ እኮ ናት የሠራችው።»

«እጇን ይባርከው። ግን አያምርም።»

«ሁሉም ሰው ያምራል ይለኛል።»

«እኔ አያምርም አልኩህ።»

ትክ ብሎ አያት። ፈዛዛ ነው ደማቅ ነው ብለው መከራከር ካቆሙ ወዲህ መስማት የማይፈልገውን ነገር ፊት ለፊት ስትነግረው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ተፈታ።

«ይሄ ሁሉ ጉድ እያለብኝ ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አንተን» አለች። «ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የምልህ። አሁን ደግሞ እንጋባ የምለው እኔ ነኝ። ቶሎ እንዳትመልስ። መጀመሪያ እየኝ።»

አያት። ንፋሱ ሣጥኖቹን ያንኳኳል። ጣቶቿ ላይ የደረቀ ሰም አለ፤ ከዓይኗ ሥር የብዙ ቀን ድካም። ረጅም ጊዜ አያት፤ እሷም ምን እንደሚል አላወቀችም። አለማወቋ አስፈራት፣ ደስም አላት።

«እሺ» አለ። «ሹራቡን ግን አላወልቅም።»

«አታውልቅ። እኔም አማረብህ አልልም።»

ማዘጋጃ ቤት ጋብቻቸውን የተፈራረሙ ቀን ሹራቡን ከኮቱ ሥር ለብሶት መጣ፣ ሆን ብሎ። እናቱ ኮቱን ገለጥ አድርገው «ተመልከቺ እስቲ ሙሽራዬ፣ አላማረበትም?» አሏት። ክፍሉ ሙሉ ሰው ወደ ስሷ ዞረ። ጋሼ ሳይቀሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ስሷ የአማቷን እጅ ይዛ ሳመችው። «አላማረበትም እማማ» አለች።

እናቱ ደንግጠው ልጃቸውን ሲያዩት እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ጋብቻውን የሚመዘግበው ሹም «ፈቅደሽ ነው?» ብሎ ሲጠይቃትና እሷ «አዎ» ስትል፣ ሎጋው ቃሉን አመነው።