ካፒቴንና ፓይለትን ማን ይለምን?

«ሐሙስ አልፏል» አሉ የያስና አያት ዶን ባውዲሊዮ፣ ከቀንበሩ ጠፍር ላይ ቀና ሳይሉ። «ዛሬ ዓርብ ነው። አጎትሽ የት ቀረ?»

ያስና አፏን ከፈተች። መልሱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አጎቷ አርኖልዶ ሊመጣ ሲል ያበደ አሳማ አባሮት ዛፍ ላይ ወጥቷል። የአሥራ አራት ዓመቷ ያስና ከምትናገረው አሥር ነገር ሰባቱ ቀደዳ ነው፣ ሁለቱ ግማሽ እውነት፣ የቀረው አንዱ ስሟ ነው። ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱን አጥር ዓሣ ነባሪ ታክኮት ነው የወደቀው ብላቸው ርዕሰ መምህሩ ወጥተው አይተዋል። አይተው ሲመለሱም ከጭራው መጠን ጀምራ ነግራቸዋለች።

ዛሬ ግን ነገሩ የቤት ጉዳይ ነበር።

አርኖልዶ የዶን ባውዲሊዮ የመጨረሻ ልጅ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ አሮጌ የእንጨት ቤት ገዝቷል፤ መሬቱ ያለው ግን ወዲህ ነው። ስለዚህ ቤቱ ነገ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ከነመስኮቱ ከነጭስ ማውጫው ግንድ ላይ ተጭኖ፣ በበሬ እየተጎተተ በአሸዋው ይመጣል። ቺሎዌ ደሴት ላይ ቤት የሚዛወረው እንዲህ በደቦ ነው። ስምንት ጥማድ በሬ ይጠራል። ከፊት የዶን ባውዲሊዮ በሬዎች ካፒቴንና ፓይለት ካልመሩ፣ የቀሩት ጭቃው ጋ ሲደርሱ የዕረፍት ደወል እንደሰማ ተማሪ ይበተናሉ። ቤቱ እዚያ ከቆመ ደግሞ ባሕሩ ሲመለስ ይዞት ይሄዳል።

ደቦ ወጉ የታወቀ ነው። ባለቤቱ ደጅህ መጥቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ቤቱ የማን እንደሆነና እነማን እንደሚኖሩበት ተናግሮ ይለምንሃል። የተለመነ እምቢ አይልም። ያልተለመነ አይሄድም።

አርኖልዶ አልመጣም። ምክንያቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብር መዝገብ ቢሮ ሄዶ ጋብቻ የሚፈርመው ከፋቢያን ጋር ነው፤ ፋቢያን ሳልሞን ዓሣ እርባታው ላይ በጠላቂነት የሚሠራ፣ ድንች ሲልጥ የሚያንጎራጉር ሰው ነው። ዶን ባውዲሊዮ ወሬውን የሰሙ ዕለት ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም።

ያስና በራሷ መንገድ ልታስታርቃቸው ሞከረች። ለአጎቷ፣ አባባ በሬዎቹን እሺ ብለዋል፣ ሠርጉም ላይ ከፊት ነው የምቀመጠው ብለዋል አለችው። ለአያቷ ደግሞ አርኖልዶ ሐሙስ ለልመና ይመጣል አለቻቸው። እሺ የተባለ ሰው ሊለምን እንደማይመጣ የታያት ትናንት ነው።

«አሳማ...» ብላ ጀመረች።

«የምን አሳማ?»

አያቷ ጠፍሩን በሞራ ያሹ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የለመናቸው የለም፤ ጠፍሩ ግን እንደ ልጅ ጉንጭ ለስልሷል።

«አባባ፣ እኔ ነኝ የቀደድኩት» አለች። ከዚያ ለማን ምን እንዳለች ሁሉንም ዘረገፈችው።

ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው አንድ ግንድ ላይ ቁጭ አሉ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አሉ።

«መምህርት ኤርሲሊያና መምህርት ኖራስ? አርባ ዓመት አብረው ኖሩ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እነሱ ሌላ ናቸው።»

«ምናቸው ነው ሌላ?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሹ። «ፈርሙልን አላሉም። እኛም አልጠየቅናቸውም። ድንች ስንወስድላቸው ለሁለት ሰው ነበር የምንወስደው፤ በቃ፣ አለቀ።»

ያስና ታዲያ መምህርት ኖራ ስትሞት ኤርሲሊያ ምን ሆነች ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው ለክርክር ነበር። አያቷ ግን ወደ በሬዎቹ ዞሩ። ካፒቴን ጆሮውን አራገበ።

«ቤቱ በኖራ ስም ነበር» አሉ። «ወንድሟ ከአንኩድ ከተማ መጣና የኔ ነው አለ። ወረቀት ነበረው። ቤቱን ወደ ራሱ መሬት ሊወስድ ደጄ መጥቶ፣ ቆቡን አውልቆ ለመነኝ። ሄድኩ።» ጨርቁን አጥፈው አጠገባቸው አስቀመጡ። «የጎተትኩት እኔ ነኝ። ኤርሲሊያ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።»

ያስና ተነሳች፤ ከግቢው ወጥታ በሩን ከውጭ ዘጋችና አንኳኳች። የሱፍ ቆቧን አወለቀች። ጸጉሯ ሁሉ ቆመ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ለልመና መጥቻለሁ፣ ዶን ባውዲሊዮ።»

«ለማኙ ባለቤቱ ነው።»

«ባለቤቱ ፈርቷል። እኔ ቤተሰብ ነኝ።»

አልከለከሏትም። ወጉን እንደሚያውቅ ሰው እጇን አጣምራ ጀመረች፤ ነገ ባሕሩ ሲሸሽ አንድ ቤት እንደሚጎተት፣ ያለ እርስዎ ጥማድም እንደማይነቃነቅ ተናገረች። የሚኖሩበትን ሰዎች መጥራት ላይ ስትደርስ ቆመች። «ጓደኛው» ብትል ነገሩ በለሰለሰ። አያቷም ደስ ባላቸው።

«የሚኖሩበት አጎቴ አርኖልዶና ባሉ ፋቢያን ናቸው» አለች።

ዶን ባውዲሊዮ ለረጅም ጊዜ ቆቧን አዩት።

«ውሃው ስንት ሰዓት ይሸሻል?» አሉ።

«ስድስት ተኩል።»

«ለቤቱ ነው የምመጣው። ክብር መዝገብ ድረስ ደግሞ እኔን አትጎትቱኝ። ሠርጉ ላይ ከፊት ይቀመጣል ያልሽውን አንቺው አስተካክይ። አሁን ጸጉርሽን ሸፍኚ፣ በሬዎቹን አስደነገጥሻቸው።»

መንታ መንገዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። በግራ ወደ ቤቷ ነው፣ በቀኝ ወደ አጎቷ። የውሸቷ ግማሽ እውነት ሆኖላታል፤ ዝም ብትል ነገ ቤቱ ይመጣል፣ ከፖም የሚጠመቀው ቺቻ ይጠጣል፣ ማንም አይጠይቃትም። በሁለት ሳምንት ግን አርኖልዶ ብዕር ይዞ፣ አባቱን እየጠበቀ ወደ በሩ ወደ በሩ ያያል።

ወደ ቀኝ ታጠፈች።

አጎቷና ፋቢያን ባሕሩ ዳር ግንድ ይደረድሩ ነበር። ፋቢያን ዛሬስ ምን ዓይነት ዘንዶ አየሽ ብሎ ተቀበላት።

«አጎቴ» አለች፣ «ቁጭ በል። አንተም ፋቢያን።»

ተቀመጡ። እሷ ቆማ ቀረች፤ ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ምንም ሳትጨምር።