ማንዳ የቆረጠችው እንጨት

«ሜትሩን አጥብቀሽ ያዢው እንጂ፣ ጫፉ እየሸሸ ነው» አለ ሮኮ።

«የሚሸሸው ያንተ ጫፍ ነው» አለች እህቱ ቶንካ።

በርሜል ላይ ቆማ፣ በምድር ቤቱ ጣሪያ ሥር በጢስ የሚደርቅ ሥጋ ሲሰቀልበት የኖረውን አሮጌ እንጨት እየለካች ነበር። በመንደራቸው በቤቲና፣ የጀልባ ሁሉ ሸራ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በምሰሶው ላይ አጋድሎ የሚወጣ ረጅም አግዳሚ ይሸከመዋል። ይህ እንጨት የቤተሰቡ ጀልባ አግዳሚ ነበር።

ጀልባዋን ማደስ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። የናይለኑ ገመድ ወጥቶ የቃጫ ገብቷል፤ የሸራው ጨርቅ በጥድ ልጣጭ ተቀቅሎ ቀልቷል። አያቷ ያኮቭ አዲስ አግዳሚ ጠርበው ጨርሰዋል፤ በድሮው ልክ፣ ሰባት ሜትር። ሸራ ሰፊው ነገ ጠዋት መጥቶ ጨርቁን በአግዳሚው ልክ ይቆርጠዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውድድር አለ፤ መሪውን የምትይዘው ቶንካ ናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አምስት ሜትር ከሃያ» ብላ አነበበች።

«አቦ አትቀልጂ። አባባ ሰባት ነው ያሉት።»

«ና አንተው ለካው።»

እንጨቱን አወረዱት። አንደኛው ጫፍ እንደ ደንቡ ሾጥጦ አልቋል፤ ሌላኛው ግን በመጋዝ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ቶንካ ጥላሸቱን በእጅጌዋ ስትጠርገው ማንሻው ገመድ እየፈተገ የሠራቸው ሁለት ቀለበት መሰል ቦዮች ብቅ አሉ። አንዱ የተጫረ ያህል ብቻ ነው። ሌላው ጣቷን ዋጠው።

አያቷ ወደብ ላይ፣ ጀልባዋ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እንጨቱን ተሸክመው ሲመጡ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

«አባባ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?»

«እናቴ» አሉ። «አባቴ ሲሞት አራት ልጆች ነበርን፤ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። የወይራ ዛፎቻችን እዚያ ማዶ ደሴቶቹ ላይ ናቸው። ነፋሱ በተቀየረ ቁጥር ሰባት ሜትር እንጨት በምሰሶው ፊት ለብቻዋ ማዞር አልቻለችም። አንድ ቀን መጋዝ አንስታ ክንዷ በሚችለው ልክ ቆረጠችው። ሸራውንም ራሷ አሳጠረችው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ተመላለሰች።»

«ለምን ነግረውን አያውቁም?»

«ይስቁባት ነበራ! ሸራው ትንሽ ስለሆነ ሁሌ መጨረሻ ነው የምትደርሰው። ወንዶቹ ግድግዳ ተደግፈው፣ ‹ማንዳ፣ የመጣሽው የዛሬዋ ነሽ የትናንትናዋ?› ይሏታል።»

«እሷስ?»

«‹ቀድማችሁ ደርሳችሁ ምን ሠራችሁ? ግድግዳ ደገፋችሁ› ትላለች።» ፈገግ ብለው ወዲያው ተዉት። «እኔ ግን አፍር ነበር። የአባቴ ትልቅ ሸራ አንድ ጊዜ እንኳ ተመልሶ ሲሰቀል ባየሁ እያልኩ ነው ያደግሁት።»

ሮኮ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቃ ሰባቱን ነዋ። እሱም የድሮ ነው። በዚህች ቁራጭ ብንወጣ የጎረቤታችን የሙርተር ልጆች ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ያደርጉናል።»

«መሪው ያንቺ ነው፤ ልኩን ለሸራ ሰፊው አንቺ ንገሪው» አሉ አያቷ ለቶንካ። ሳር ላይ የተጋደመውን አዲሱን እንጨት ግን በዓይናቸው ዳሰሱት። ስድስት ሳምንት ጠርበውታል።

ሁለቱም ልኮች እውነተኛ ነበሩ፤ ያ ነው የከበዳት። በመጀመሪያ ሰባቱን ሞከረች። ከሮኮ ጋር ሆነው ሰቅለው ወደ ሌላው ጎን ሲያዞሩት ጀልባዋ ገና ያለ ሸራ ያማረ ክንፍ አወጣች፤ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው አዩ። ለብቻዋ ስትሞክረው ግን እንጨቱ ጎትቷት ጉልበቷን ከጠርዙ ጋር አጋጫት።

አሮጌውን አያቷ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረጉት። «ጢሱ አጠንክሮታል» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

ቶንካ አሮጌውን ሰቀለች። የታችኛውን ጫፍ ይዛ በምሰሶው ፊት አሳለፈችው፤ ክንዷ ሳይዘረጋ ደረሰ። መልሳ አዞረችው። ደግማ አዞረችው። የሆነች ሴት፣ አራት ልጅ ቤት ትታ፣ ነፋሱ ሲከፋባት፣ እንዲሁ አድርጋ ነበር። ለሃያ ሁለት ዓመት። ቶንካ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጥ ብሎ ሲቆም ተሰማት።

«መጨረሻ እንወጣለን እኮ» አለ ሮኮ፣ ቀስ ብሎ።

«እንወጣለን።»

አግዳሚውን አወረደችው። ለሙከራ ብላ ያሰረችውን ማንሻ ገመድ ፈታች፤ ጫፉን አንስታ የማንዳ ገመድ የፈተገው ጥልቅ ቀለበት ውስጥ አስገባችው። ገመዱ ገጥሞ ተቀመጠ። አያቷ ተነሥተው መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሁለት ጊዜ አዙሪው» አሉ። «እሷ ሁለቴ ነበር የምታዞረው።»