ሠላሳ ሦስት፣ ከዚያም ሁለት

የካቲት ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ በዕለተ ሐሙስ፣ የዳንግላ ከተማ ሕዝብ ቁርሱን በላ። የነነዌ ጾም ተፈትቶ ስለነበር ቅቤ ያለው በቅቤ፣ ቅቤ የሌለው ደግሞ ያለውን ሰው እያማ በላ። ከዚህ ሌላ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ ሊጻፍ የሚገባው ነገር አልተፈጸመም።

በአራት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቢሻው፣ ጋቢው ደም ነክቶት፣ ከመምህር ደርበው የሥራ ክፍል እየጮኸ ወጣ። ደርበው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ነበር። ማጅራቱን የተመታው ወረቀት እንዳይበተንበት ይጭንበት በነበረው የወፍጮ መጅ ነው።

የመቶ አለቃ ደሴ በማግስቱ በእህል መኪና ላይ ተቀምጦ ከእንጅባራ ሲደርስ፣ የጣቢያው አዛዥ ጉዳዩን ዘግቶ ጠበቀው።

«በከንቱ ደክመህ መጣህ» አለው። «ዘበኛው አምኗል። ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ እልከዋለሁ። እዚያ ገመድ አይጠፋም።»

ደሴ የቃል መቀበያውን ቅጽ አነሣ። «ስለ ግድያው የምታውቀውን ተናገር» ይላል ጥያቄው። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ «ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር።»

«ማመን ማለት ይኼ ነው?»

«ከዚህ በላይ ምን ይበል?»

ደሴ የአዘና ገበሬ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በአገውኛ ነው። በፖሊስ ቤት ሃያ ዓመት ሲኖር ያደገለት ሰውን የመናቅ ችሎታው እንጂ ማዕረጉ አልነበረም። አዛዡን አንድ ጊዜ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው አየውና ወጣ። በሩ ላይ የቢሻው ሚስት የሻረግ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች።

«ጌታው» አለችው በአገውኛ፣ «ባሌስ አፉን ሞልቶ ነው የተናገረ። ወረቀቱ ነው የጎደለ።»

ቢሻው እግር ብረት ገብቶ ተቀምጧል። ደሴ አጠገቡ ቁጢጥ አለና በገዛ ቋንቋው ጠየቀው።

«ትናንት ምን አልሃቸው፣ ወንድሜ?»

«ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር፤ በሩን ግን ተከፍቶ አገኘሁት፤ ሳቀናው ጊዜ ደሙ ነካኝ፤ ገላው ቀዝቅዞ ነበር አልሁ። አራት ነገር ነው ያልሁ። እንዴ፣ አልነገራቸውም?»

ቢሻው አማርኛ ስለማያውቅ ቃሉን ለጣቢያው ያስተረጎመው አበረ የሚባል የአራተኛ ክፍል መምህር ነው። ደሴ ሲጠይቀው አላፈረም።

«ቅጹ ላይ ለመልስ የተተወው አንድ መስመር ነው። የመጀመሪያውን ሰጠኋቸው።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ትርፍ ነው።»

«ሰውዬው በትርፉ ሊሰቀል ነው» አለ ደሴ። «ይሁን፤ መስመርህን ጠብቀሃል።»

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ አዝመራው እስከ ሟቹ ክፍል ድረስ ራሱ መርቶ ወሰደው። ደርበው አሜሪካን አገር ስድስት ዓመት ሂሳብ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነበር። ከተማው ስለሚሠራው ሥራ የሚያውቀው፣ ማንም እንደማይገባው ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ገብቶኛል ይል ነበር።

«ሥራው የእኔና የእሱ ነው» አለ አቶ አዝመራው። «እንዲያውም ሐሳቡ የእኔ ነው ማለት ይቻላል። ሊስፕ ይባላል። የስሌት መኪና የሚናገረው ቋንቋ ነው።»

«መኪናው የት አለ?»

«መኪናውማ አዲስ አበባ ነው።»

«ታዲያ እዚህ በምን ትሠሩ ነበር?»

«በሰው» አለ ዲሬክተሩ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው ስላለቀ ኮቱን ቆለፈ።

የቀረውን ደሴ ከሟቹ የዕለት ማስታወሻ አነበበ። ደርበው መኪና ቢያጣ ሁለት ሰው መኪና አድርጎ ነበር። አንደኛው፣ አበረ፣ «አስተርጓሚ» ይባላል፤ የተጻፈውን ትእዛዝ መስመር በመስመር እያነበበ እዚያው ይፈጽማል። ሁለተኛው፣ የመጻሕፍት ቤቱ ሹም ገብረ ማርያም፣ «አቀናባሪ» ነው፤ ጽሑፉን አስቀድሞ፣ ደርበው ባዘጋጀው የመመሪያ መዝገብ መሠረት፣ ወደ ተወሰኑ አጫጭር ትእዛዞች ይለውጥና፣ ወደ ጽሑፉ ሳይመለስ ትእዛዞቹን ካርድ በካርድ ይፈጽማል። ከሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ መውጣት አለበት።

ደርበው ሊጨምር የፈለገው ነገር ለሰሚው ቀላል ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት በግ ለሰባት ቤተሰብ ቢካፈል ለየቤቱ ሠላሳ ሦስት ይደርሳል፤ ሁለት ይተርፋል። ሊስፕ ግን ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ይመልስ ነበር፤ ድርሻውን ከተናገረ ትርፉን ይረሳል። ደርበው ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዲመልስ ማድረግ ፈለገ። ለአስተርጓሚው ተሳክቶለታል። ለሌላው ግን፦

«ሰኞ። አስተርጓሚው ሁለቱንም መለሰ። አቀናባሪው ሁለተኛውን ጣለ።»

«ማክሰኞ። አቀናባሪው ዛሬም ጣለ። ይህ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።»

«ረቡዕ። አቀናባሪው አይረባም። አዲስ አበባ አልወስደውም፤ አፈርሰዋለሁ።»

«አቀናባሪው ማን ነው?» አለ ደሴ፣ እንደማያውቅ ሆኖ።

«ገብረ ማርያም ነዋ!» አለ አቶ አዝመራው። «ከተማው ሁሉ በዚያ ስም ነው የሚጠራው። ባለፈው እሑድ ሰንጋ ጥሎ የመሰናበቻ ግብዣ አድርጓል። ከመምህር ደርበው ጋራ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አሜሪካ እሄዳለሁ ብሎ።»

ሟቹ ከክርኑ ሥር የሐሙስ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ነበረው። «አቀናባሪው ሁለተኛውን መልስ እንዲይዝ በመመለሻው ካርድ ላይ ሌላ ሳጥን ጨምር፣ ከዚያም» ይላል። ከዚያም ደም ነው።

ደሴ የእያንዳንዱን ውሎ ጠየቀ። ደርበው የዕለቱን ቁጥሮች፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስትንና ሰባትን፣ ለሁለቱ የሰጠው በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ዲሬክተሩ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት አውራጃ ገዢው ቢሮ «እኔና መኪናው» የሚል ጽሑፉን ሲያነብ ነበር፤ የሰሙት ሁሉ ሰዓቱን በሥቃይ ያስታውሳሉ። አበረ ለመታየት ሲል ሥራውን በአርባ ተማሪ ፊት ሠርቶ፣ በሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መልሱን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፏል፦ ፴፫፣ ፪። ጽሑፉ አልጠፋም፤ በመስኮቱ በኩል ከፊት ለፊት ካለው መጻሕፍት ቤት ሆኖ ማንበብ ይቻላል።

ገብረ ማርያም ሰባ ካርድ አቀረበ። የቁም ጸሐፊ ልጅ ነው፤ ፊደሉ የጸሎት መጽሐፍ ይመስላል።

«ይኼን ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት ተኩል፣ የመቶ አለቃ። ለእያንዳንዱ ካርድ ትእዛዙ ከመዝገቡ ይፈለጋል፣ ይነበባል፣ ይፈጸማል። የዘበኛው ጩኸት ሲሰማ የመጨረሻውን ካርድ አስቀምጬ ተነሣሁ።»

«ከመዝገቡ የወጡበት ቦታ የለም?»

«አንዲት ነቁጥ አልዘለልሁም፤ አንዲት ነቁጥ አልጨመርሁም።»

«እንዲህ ብለው ይፈርሙልኝ።»

ፈረመለት፤ ፊርማውም ያምር ነበር። ደሴ መዝገቡን፣ የዕለቱን ቁጥሮችና አንድ እፍኝ ባዶ ካርድ ተበድሮ የከሰዓቱን ጊዜ ብቻውን በር ዘግቶ ዋለ። ሲወጣ ጣቶቹ በቀለም ተበክለዋል፤ ፊቱም የተሰደበ ሰው ፊት ይመስላል።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሁሉንም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰባቸው። አዛዡ፣ ዲሬክተሩ፣ አበረና ገብረ ማርያም ወንበር ላይ፣ ቢሻው ከነብረቱ ወለሉ ላይ፣ የሻረግ በሩ ላይ። አበረ ምክንያቱ ያልታወቀ ሻንጣ ይዞ መጥቷል።

«ከበሩ እንጀምር» አለ ደሴ። «ቢሻው ቁልፉ በእጁ ሳለ በሩን ተከፍቶ አገኘ። ደርበው ራሱ ከውስጥ ከፍቶ ያስገባው ሰው አለ ማለት ነው። ገላው ቀዝቅዞ ነበር ብሏል። በአራት ሰዓት የቀዘቀዘ ሰው በአራት ሰዓት አልተገደለም፤ ቀደም ብሎ ነው። ይህን ሁሉ ዘበኛው በመጀመሪያው ቀን ተናግሯል። ቅጹ አልያዘለትም።»

አዛዡ አሳለ።

«ቀጥሎ፣ ሟቹ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጽፍ ነው የተመታው። ጀርባ የሚሰጠው ለለመዱት ሰው ነው። የለመዳቸው ሦስት ናችሁ። አንዱ ሲያነብ ሰው ሲያዛጋ ነበር፤ አንዱ አርባ ልጅ ፊት ነበር። ሦስተኛው የሚመሰክሩለት ሰባ ካርዶች አሉት። መምህር ገብረ ማርያም፣ ሐሙስ ምን ወጣልዎ?»

«ሠላሳ ሦስት፣ ከዚያም ሁለት።»

«ትክክል ነው?»

«እንዴታ! አበረም ያገኘው ይኸንኑ ነው።»

«ትክክል ነው» አለ ደሴ። «ክፋቱ እሱ ነው። እኔ ትናንት ያንኑ ሠራሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። የወጣልኝ ሠላሳ ሦስት ብቻ ሆነ። ሁለቱን የጣልሁት እኔ ነኝ ብዬ ራሴን ሰድቤ እንደገና ሠራሁት። አሁንም ሠላሳ ሦስት። በኋላ ከመዝገቡ የመጨረሻውን ትእዛዝ ረጋ ብዬ አነበብሁት። ‹በመመለሻው ሳጥን ያለውን አስረክብ፤ የቀረውን ካርድ ቅደድ› ይላል። ሳጥኑ አንድ ነው። ሠላሳ ሦስት ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ ከሚቀደደው ጋራ ይሄዳል። መዝገቡን ያከበረ ሰው ሁለቱን ማግኘት አይችልም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እርስዎም አላገኙም።»

ከኪሱ ካርድ አወጣ።

«የሐሙሱ ካርድዎ ግን ሁለት ሳጥን አለው። ሁለተኛው በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ያምራል። ደርበው ያን ሳጥን እንዲጨመር የሚያዘውን ትእዛዝ ሲጽፍ፣ ‹ከዚያም› ላይ እንዳለ ሞተ። ተጽፎ ያላለቀውን፣ ለማንም ያልተሰጠውን ትእዛዝ እንዴት አድርገው ፈጸሙት?»

«እኔ … ስሕተት መሆኑን አይቼ፣ በራሴ አስተውሎት አቃናሁት።»

«አንዲት ነቁጥ አልጨመርሁም ብለው ፈርመዋል። ሳጥን ከነቁጥ ይበልጣል።»

ደሴ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ቀጠለ።

«ሥራውን አልሠሩትም። ከገደሉ በኋላ ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስትን በሰባት በሰባት እየቀነሱ ካርዶቹን ሞሏቸው፤ መዝገብ ላልገለጠ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የመጨረሻውን መልስ ከሰሌዳው በመስኮት አዩት። ዘጠኝ ቀን ‹ሁለተኛውን ጣለ› ሲባል ጥፋቱ የእርስዎ መስሎዎት ነበር፤ ስለዚህ በሐሰት በሠሩበት ቀን እንኳ ስምዎን ለማደስ ሁለተኛውን ጨመሩት። በሐቅ ቢሠሩ ኖሮ የሚሳሳቱትን ስሕተት ስላልተሳሳቱ ተያዙ።»

«አይረባም ብሎ ጻፈ!» ገብረ ማርያም ተነሥቶ ጮኸ። «ሰንጋ ጥዬ፣ አገር መርቆኝ፣ ተሰናብቼ! ቁጥር ልቀበል ስገባ ማስታወሻው ተገልጦ አየሁት። አልወስደውም፣ አፈርሰዋለሁ ብሎ በገዛ እጁ! ሰው ይፈርሳል?»

«ሰው አይፈርስም» አለ ደሴ። «እኔም የገባኝ በዚያች ቃል ነው። ደርበው አቀናባሪ ያለው እርስዎን አይደለም። መዝገቡን ነው። ሳጥን የጎደለው እሱ ነው፤ ሊያፈርሰውና እንደ ገና ሊሠራው ያሰበው እሱን ነው። ለሥራው ያወጣውን ስም የለበሱት እርስዎ ነዎት።»

ገብረ ማርያም ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አንድ ፖሊስ እጆቹን ወደ ኋላ አሠረው፤ የቢሻውንም እግር ብረት ፈታ። የሻረግ ገብታ ባሏን በክንዱ ያዘችው፤ ለማንም እጅ አልነሣችም።

«እኔም ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር» አለ አዛዡ።

«እንግዲህ ሥራውን ተሸክሞ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የእኔ ዕዳ ነው» አለ አቶ አዝመራው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ መምህር ደርበው ለመንገዱ የመረጡት እኔን ነው» አለ አበረ። «በቃል ነግረውኛል። ልብሴንም አዘጋጅቻለሁ።»

«አንተን?» አለ አቶ አዝመራው። «አስተርጓሚ ይዞ ማን …»

በሩ ተንኳኳ። አቧራ የጠጣ ካፖርት የለበሰ ሰው ራሱን አስገባ። ከባሕር ዳር የመጣው አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሐዘኑንም ወሬውንም አልሰማም።

«ጌቶች፣ መንገድ ላይ ነኝ፤ አታቁሙኝ» አለና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ረቡዕ ዕለት ለአዲስ አበባ ሁለት ወንበር አስይዘው፣ ስም ጽፈው፣ ከትምህርት ቤቱ ትወስደናለህ ያሉኝ ሰው ነበሩ።»

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበለ።

«መምህር ደርበው!»

አበረ ሻንጣውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከወንበሩ ሥር አስገባው። አቶ አዝመራው ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«መምህር ገብረ ማርያም!» አለ ሾፌሩ።

«አቤት» አለ ገብረ ማርያም፣ እጁ ወደ ኋላ እንደ ታሠረ።